ሰዓታቸው አልቆመም

ስኪዞፍሬንያ የያዘው ሰው ጊዜ አያውቅም የሚለው እምነት ብዙ ጠበቆች አሉት። አንዳንዶቹ በየቤታችን አሉ። ሐኪሙ ታካሚውን «መድኃኒቱን መቼ መቼ ነው የምትወስደው?» ብሎ ሲጠይቀው ታላቅ ወንድም ቀድሞ ይመልሳል፤ «እሱ ምኑን ያውቀዋል፣ እኔን ይጠይቁኝ።» የቀጠሮ ካርዱ የሚቀመጠው በእናት ቦርሳ ነው። መርፌው የሚደርስበትን ቀን የምትቆጥረው እህት ናት። የነገሩ ባለቤት አጠገባቸው ተቀምጦ ይሰማል። ሌሎቹ ጠበቆች ነጭ ጋዋን የለበሱ ናቸው። እነሱ የሚናገሩት ስለ አንጎል ሰዓት ነው፦ አንጎላችን ውስጥ ጊዜን የሚቆጥር ሥርዓት አለ፣ ስኪዞፍሬንያ ያንን ሥርዓት ያበላሸዋል፣ ስለዚህ ሕመምተኛው የሚኖረው እኛ ከምንኖርበት ጊዜ ውጭ ነው።

ሁለቱ ወገኖች ተገናኝተው ባይመክሩም ፍርዳቸው አንድ ነው። እኔ ፍርዱ ስሕተት ነው ባይ ነኝ። ስሕተት ብቻ ቢሆን ኖሮ ለባለሙያዎች ክርክር ትተነው ማለፍ እንችል ነበር። ይኼኛው ግን ሰውን ከገዛ ሕይወቱ ጉዳይ የሚያስወጣ፣ አንዳንዴም የሚገድል ስሕተት ነው።

ከመነሻው እንየው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ ስለ ጊዜ እየጻፉ አንባቢን በዘመን አቆጣጠር ማደናገር አያምርም።) ይህን ሕመም ከሌሎች የአእምሮ ሕመሞች ለይቶ በመማሪያ መጽሐፉ ያሰፈረው ጀርመናዊው ኤሚል ክሬፔሊን ነው። ሕመሙን በወጣትነት የሚጀምር የአእምሮ መፍረስ አድርጎ ነበር ያየው፤ ለሕመምተኞቹ የነበረውም ተስፋ የመነመነ ነው። ያም ሆኖ ይኸው ተስፋ ቢስ ሐኪም እንኳ ሕመምተኞቹ አብዛኛውን ጊዜ የት እንዳሉ፣ ቀኑ ስንት እንደሆነና ፊት ለፊታቸው የቆመው ማን እንደሆነ እንደሚያውቁ መዝግቧል። ስዊሳዊው ኦይገን ብሎይለር በ1908 የዛሬውን ስም አውጥቶ በ1911 ትልቁን መጽሐፉን ሲያሳትም ነገሩን አጠናከረው፤ ቦታንና ጊዜን ማወቅን ሕመሙ በቀጥታ ከማይነካቸው ችሎታዎች መደበው። ብሎይለር ያስተዋለው ከዚህ የረቀቀ ነገር ነው። አንድ ሰው ንጉሥ ነኝ ብሎ ያምናል። ያው ሰው ሆስፒታል ውስጥ መሆኑን፣ ቀኑ ማክሰኞ መሆኑን፣ ምሳ በስንት ሰዓት እንደሚቀርብም ያውቃል። ሁለቱ እውቀቶች ጎን ለጎን ይኖራሉ እንጂ አንዱ ሌላውን አያጠፋውም። ብሎይለር ነገሩን ሁለት የሒሳብ መዝገብ እንደመያዝ ቆጥሮታል። ንጉሡ ቀን መቁጠሪያውን አልጣለም።

ይህ ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ እውቀት ዛሬም በሕክምና ትምህርት ቤቶች ይሰጣል። ድምፅ የሚሰማ ወይም «ሰዎች እያሳደዱኝ ነው» የሚል ሰው ቀኑንና ቦታውን ካወቀ፣ ሐኪሙ ወደ ስኪዞፍሬንያ ወይም ወደ ሌላ የአእምሮ ሕመም ያስባል። ቀኑን ከሳተ፣ ሌሊትና ቀን ከተምታታበት፣ ንቃቱ አንዴ መጣ አንዴ ሄደ ካለ ግን አስቀድሞ የሚፈለገው ሌላ ነው፦ ወባ፣ ታይፎይድ፣ ማጅራት ገትር፣ የሳንባ ምች፣ የደም ስኳር መውረድ፣ የጭንቅላት ጉዳት፣ ለብዙ ዘመን የኖረ መጠጥ በድንገት መቋረጥ፣ አንዳንዴም የራሱ የመድኃኒቱ መብዛት። አንዳንዶቹ በሰዓታት ውስጥ ሰው ይገድላሉ። በጊዜ ከተደረሰባቸው ደግሞ አብዛኞቹ የሚታከሙ ናቸው። ስለዚህ «ቀኑ ስንት ነው?» የሚለው ተራ የሚመስል ጥያቄ የአእምሮን ሕመም ከአካል ሕመም ለመለየት ከሚያገለግሉት ርካሽ መሣሪያዎች አንዱ ነው፤ የደም ምርመራ ቀርቶ ቴርሞሜትር በማይገኝበት ጤና ኬላ እንኳ ይሠራል።

አሁን «እነሱ መቼም ቀን አያውቁም» ብሎ ያመነውን ነርስ ወይም ዘመድ አስቡት። ለዓመታት ስኪዞፍሬንያ ኖሮበት ቀኑን ሲያውቅ የኖረ ሰው ድንገት ቀኑ ጠፋበት። «ተነሣበት» ይባላል። እጁ ይያዛል፣ መርፌ ይጨመርለታል፣ ወይም ወደ ጠበል ይወሰዳል። የሳንባ ምቹን የሚፈልግለት የለም።

በቡታጅራና አካባቢዋ ከ1998 አንሥቶ ከ68 ሺህ በላይ ጎልማሶችን በማጣራት ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ለይቶ ለዓመታት የተከታተለ የኢትዮጵያውያን ጥናት አለ። እነ ፕሮፌሰር አበባው ፈቃዱ በ2015 ያሳተሙት የ10 ዓመት ክትትል እንደሚያሳየው፣ ስኪዞፍሬንያን ጨምሮ ከባድ የአእምሮ ሕመም ከነበረባቸው 919 ሰዎች 121ዱ ሞተዋል። ይህ ከአካባቢው ሕዝብ ጋር ሲነጻጸር እጥፍ ነው። የሞቱትም ዕድሜያቸው በ30 ዓመት ገደማ አጥሮ ነው። ግማሽ ያህሉን የገደለው ተላላፊ በሽታ ነበር። ከእነዚህ መካከል ስንቱ «ያው ሕመሙ ነው» ተብሎ እንደተተወ የሚነግረን ቁጥር የለም፤ እኔም ቁጥር አልፈጥርም። ነገር ግን በኢንፌክሽን በሚሞት ሕዝብ መካከል የኢንፌክሽንን የመጀመሪያ ምልክት እንደ ተፈጥሮ ጠባይ መቁጠር ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት ስታትስቲክስ አያስፈልግም።

ወደ ነጭ ጋዋኖቹ እንሂድ። የአንጎል ሰዓት የሚለው ሐሳብ ባጭሩ ሲነገር እንዲህ ነው፦ አንድ ነገር ምት ይመታል፣ ሌላው ምቱን ያጠራቅማል፣ የተጠራቀመው ምት የጊዜው ርዝመት ይሆናል። አሜሪካዊው ዋረን ሜክና ሌሎችም በአይጦች ላይ ባደረጉት ሙከራ ዶፓሚን የተባለውን የአንጎል ኬሚካል የሚያበረታ መድኃኒት ምቱን ሲያፈጥነው፣ ዶፓሚንን የሚያግድ ደግሞ ሲያዘገየው አዩ። በሌላ በኩል ከ1960ዎቹ ጀምሮ ስኪዞፍሬንያን ከዶፓሚን መብዛት ጋር የሚያያይዝ መላምት አለ። ሁለቱን ማጋባት ቀላል ነበር። ዶፓሚን በዝቷል፣ ስለዚህ ሰዓቱ ይፈጥናል፣ ስለዚህ ሕመምተኛው 10 ሴኮንዱን እንደ 15 ይቆጥረዋል። ድግሱ ተደገሰ፣ ድንኳኑ ተተከለ፤ ሙሽራይቱ ግን አልመጣችም።

በ2017 ቶነስና ኦበርፌልድ የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን ተመራማሪዎች እስከዚያ ድረስ የታተሙትን ሙከራዎች አንድ ላይ ሰብስበው መዘኗቸው። ሕመምተኞቹ ጊዜን ወጥ በሆነ መንገድ አያረዝሙም፣ አያሳጥሩምም። ከሌሎች ሰዎች የሚለዩት በመልሳቸው መዋዠቅ ነው። ነገሩን በምሳሌ ላስቀምጠው። አንድን ሰው «30 ሴኮንድ ሲሞላ ንገረኝ» በሉትና ደጋግማችሁ ፈትኑት። አንዱ 28፣ 31፣ 30 እያለ ይሄዳል። ሌላው 22፣ 39፣ 29 ይላል። አማካያቸው ተቀራራቢ ነው፤ የሁለተኛው ግን ከእጅ ያፈተልካል። የተበላሸ ሰዓት ያለማቋረጥ ይቀድማል ወይም ወደ ኋላ ይቀራል። እንዲህ የሚዋዥቀው ትኩረቱ የሚቆራረጥበት፣ በአእምሮው የያዘው ቁጥር የሚያመልጠው ሰው ነው። ትኩረትንና የአጭር ጊዜ ትዝታን መያዝ ደግሞ በዚህ ሕመም ውስጥ እንደሚከብድ አስቀድሞ የታወቀ ነው። በዚህ ላይ ከሚፈተኑት አብዛኞቹ ዶፓሚንን የሚያግድ መድኃኒት እየወሰዱ ነው። አይጡን ያዘገየውን መድኃኒት የዋጠ ሰው ፊት ሰዓት ይዞ ቆሞ «ሕመሙ ጊዜውን አዛባው» ማለት ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

ይህን ስል ሕመሙ ጊዜን ጨርሶ አይነካም ማለቴ አይደለም። ይነካል፤ የሚነካው ግን ከሴኮንድ በታች ባለው፣ ማናችንም በማናስተውለው ጥልቀት ላይ ነው። በስትራስቡርግ አን ጊርሽና ባልደረቦቿ በኮምፒዩተር ስክሪን ላይ ሁለት ካሬዎችን በጥቂት ሚሊሴኮንዶች ልዩነት እያሳዩ «አብረው ታዩ ወይስ ተከታትለው?» ብለው ጠየቁ። ስኪዞፍሬንያ ያለባቸው ሰዎች ካሬዎቹ አብረው አልታዩም ለማለት ከሌሎች የሰፋ ክፍተት አስፈለጋቸው። ለእነሱ «አሁን» የሚባለው ሰፋ ያለ ነው፣ ጠርዙም የተሳለ አይደለም።

ከዚህ የበለጠ ያስደነቀኝ ሳራ-ጄን ብሌክሞርና ክሪስ ፍሪዝ ለንደን ውስጥ ያደረጉት ሙከራ ነው። ሰው ራሱን ኮርኩሮ መሳቅ አይችልም፤ አንጎል የገዛ እጁን እንቅስቃሴ ውጤት ቀድሞ ስለሚጠብቀው ስሜቱን ያለዝበዋል። በእጁ እንቅስቃሴና በሚሰማው ንክኪ መካከል በመሣሪያ ከ100 እስከ 300 ሚሊሴኮንድ መዘግየት ሲገባበት ግን ጤነኛው ሰው የገዛ እጁ ይኮረኩረው ጀመር። በ2000 የታተመው ሌላው ሥራቸው ደግሞ ድምፅ የሚሰሙና «ሌላ ኃይል ያንቀሳቅሰኛል» የሚሉ ሕመምተኞችን ፈተነ። እነሱ መሣሪያ አላስፈለጋቸውም። የራሳቸው እጅ ንክኪ የሌላ ሰው ንክኪ ያህል ይሰማቸዋል። እንግዲህ «እጄን የሚያነሣው ሌላ ነው» የሚል ሰው ሲያጋጥመን ይቀባጥራል ከማለታችን በፊት ይህን እናስብ። የሆነበትን ነው የሚነግረን። በሐሳቡና በድርጊቱ መካከል ያለው ረቂቅ የጊዜ መጋጠሚያ ላልቶበት፣ የራሱ ሥራ እንደ ሌላ ሰው ሥራ እየደረሰበት ሊሆን ይችላል።

ይሁን እንጂ ሚሊሴኮንድ ቀጠሮ አይደለም። በሴኮንድ ዐሥረኛ ክፍል ውስጥ የሚቸገር ሰው ከጥር ማርያም እስከ የካቲት ማርያም ያለውን ቀን መቁጠር አይችልም ብሎ መደምደም፣ ዓይኑ ደቃቅ ጽሑፍ ማንበብ የተሳነውን ሰው ከቤቱ እስከ ገበያ መንገድ ያጣዋል እንደ ማለት ነው። ቤተ ሙከራው በአንድ ስፋት የለካውን ሰፈሩ በሌላ ስፋት ይፈርድበታል። መጽሔቶች ደግሞ «የጊዜ ስሜታቸው የተዛባ» እያሉ በአንድ ቃል ሁለቱን ይጠቀልሏቸዋል።

እዚህ ላይ የሚነሣብኝ ተቃውሞ አለ፤ ከባድም ነው። ሕመምተኞቹ ራሳቸው «ጊዜው ቆመ»፣ «ቀኑ ተቆራረጠ»፣ «ነገ የሚባል ነገር የለም» ይላሉ። የአእምሮ ሐኪሞችም ከ1920ዎቹ ጀምሮ ይህን ሲመዘግቡ ኖረዋል። ከሁሉም የታወቀው ፓሪስ ይኖር የነበረው ዩጂን ሚንኮውስኪ ነው። በ1922 ከአንድ የ66 ዓመት ታማሚ ጋር ሁለት ወር ሌት ተቀን አብሮ ኖረ። ሰውየው ዛሬ ማታ እገደላለሁ ብሎ ያምናል። ሌሊቱ ያልፋል፣ ይነጋል። ሚንኮውስኪ «ትናንትም ይኸንኑ ብለህ ነበር፣ ይኸው አለህ» ይለዋል። ሰውየው ያለፈውን አይክድም። ማታ ግን ፍርሃቱ እንደ አዲስ ይጀምራል። ሚንኮውስኪ ከዚህ ተነሥቶ የጠየቀው ጥያቄ በ1933 ለታተመው ስለ ሕያው ጊዜ ለጻፈው መጽሐፍ መሠረት ሆነ፦ ነገ የተዘጋበት ሞትን ስለፈራ ነው ወይስ ነገ ስለተዘጋበት ነው ሞትን የሚጠብቀው?

ይህን ታሪክ «ጊዜ አያውቁም» ለሚለው ወገን ምስክር አድርገው የሚጠሩት ሰዎች በትክክል ያነበቡት አይመስለኝም። ሰውየው ቀን ሳይቆጥር የቀረበት ጊዜ የለም፤ እንዲያውም ሞቱን በቀን ወስኖ ነው የሚጠብቀው። የጎደለው ከትናንት ተነሥቶ ነገን የማመን አቅም ነው። ሚንኮውስኪ ራሱ ሕመሙን ሲሰይም ድብርትንና ስኪዞፍሬንያን አጣምሮ ነበር የጻፈው። ኋላም ስኪዞፍሬንያ ያለበት ሰው ከጊዜ ሸሽቶ ወደ ቦታና ወደ ቅርፅ ይጠጋል እስከ ማለት ሄዷል፤ በዚያ መንገድ አልከተለውም። ከእሱ የምወስደው ማዳመጡን ነው። «ጊዜው ቆመብኝ» የሚል ሰው ጊዜ መሄድ እንዳለበት ያውቃል። ባያውቅ ኖሮ ምን ቆመ ይል ነበር? ይህ ምስክርነት የሚሰማ እንጂ ምስክሩን ለማስናቅ የሚጠቀስ አይደለም።

ሌላው ተቃውሞ በቁጥር የመጣ ነው። በ1970ዎቹ እንግሊዛዊው ቲም ክሮውና ባልደረቦቹ በሆስፒታል ለዓመታት የኖሩ የስኪዞፍሬንያ ሕመምተኞችን ዕድሜያቸውን ጠየቁ። ከአራቱ አንዱ ያህል ዕድሜውን በ5 ዓመትና ከዚያ በላይ አሳንሶ ተናገረ። አንዳንዶቹ ሆስፒታል የገቡበትን ዕድሜ ነው የሚናገሩት። ክሮው ይህ ከሕመሙ የመጣ የመማር ችሎታ መጥፋት ነው ብሎ ተከራክሯል፤ ክርክሩንም ማጣጣል አይቻልም፣ በጥቂቶች ላይ አእምሮ በብርቱ ይጎዳልና። ነገር ግን የተጠየቁት እነማን ናቸው? ከግንቡ ጀርባ አሥርና ሃያ ዓመት የኖሩ፣ የልደት ቀን የማይከበርላቸው፣ ልጅ ሲያድግ የማያዩ፣ የደመወዝ ቀን የሌላቸው ሰዎች ናቸው። እንዲህም ሆኖ ከአራቱ ሦስቱ ያህሉ ዕድሜያቸውን ይህን ያህል አላሳነሱም። እኔን የሚያስገርመኝ ይኼኛው ነው።

ስለዚያ ግንብ የተሻለ የነገሩን ጆን ዊንግና ጆርጅ ብራውን ናቸው። ሦስት የእንግሊዝ የአእምሮ ሆስፒታሎችን ከ1960 እስከ 1968 ተከታትለው በ1970 ባሳተሙት መጽሐፍ የታካሚዎቹን ቀን በዝርዝር መዘገቡ፤ ስንት ሰዓት ሠሩ፣ ስንት ሰዓት በሉ፣ ስንት ሰዓት ምንም ሳያደርጉ ተቀመጡ። የታካሚዎች መደንዘዝ፣ ዝምታና መገለል ከአካባቢያቸው ድህነት ጋር አብሮ ይወጣል፣ ይወርዳል። ታካሚዎች ሲሻላቸው ደግሞ ከሁሉም ጎልቶ አብሮ የተገኘው አንድ ነገር ነው፦ ምንም ሳይሠሩ የሚያሳልፉት ሰዓት መቀነሱ። መድኃኒት መቀየሩ እንኳ ያን ያህል አላስረዳም። ሰውን በባዶ ቀን ውስጥ አስቀምጦ ቀኑ ባዶ ሆነበት ማለት ለካ የሕመም ምርመራ መስሎ ኖሯል።

እኛ ሀገር እንደ እንግሊዝ ያለ ግንብ ብዙ አልነበረም። የአማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል አልጋ ለመላው ሀገር አይደርስም። ግንቡን በየጓሮው ሠርተነዋል። የኋላ ክፍል፣ የተዘጋ መስኮት፣ ምሰሶ ላይ የታሰረ ሰንሰለት። በሶዶ ወረዳ የተደረጉ ጥናቶች ቤተሰቦች ልጃቸውን የሚያስሩት በጭካኔ ሳይሆን ሕክምና አጥተው፣ እንዳይጠፋ ወይም ሰው እንዳይጎዳ ፈርተው መሆኑን አሳይተዋል፤ ብዙዎቹ እያለቀሱ ነው የሚያስሩት። በቡታጅራ ጥናት መጀመሪያ ላይ ከተገኙት 321 የስኪዞፍሬንያ ሕመምተኞች አብዛኞቹ ለሕመሙ የሚሰጠውን ዘመናዊ መድኃኒት ቀምሰው አያውቁም ነበር። እናቶቹን አልወቅስም። ጥያቄዬ ግን ይኸው ነው፤ ሁለት ዓመት ጓሮ የታሰረ ሰው ወሩን ቢሳሳት ምኑ ነው የሕመም ምልክት? እኔም አንባቢዬም ብንታሰር እንሳሳታለን።

ለክርክሬ የማይመች አንድ ግኝት ደግሞ ልጥቀስ። በ2012 ኦክስፎርድ ውስጥ ካትሪና ዉልፍ፣ ራስል ፎስተርና ባልደረቦቻቸው 20 ስኪዞፍሬንያ ያለባቸውን ሰዎች እንቅልፍ ተከታተሉ። ለማነጻጸሪያ የመረጡት ጤነኛ ነገር ግን ሥራ የሌላቸውን ሰዎች ነው፤ ብልህ ምርጫ ነበር፣ እንደ እኔ ያለው ሰው «ሥራ ስለሌላቸው ነው» እንዳይል። ሕመምተኞቹ ሁሉ የእንቅልፍ መዛባት ነበረባቸው። ከእነሱ ግማሽ ያህሉ የሰውነት ሰዓታቸው ከቀንና ከሌሊቱ ጋር በብርቱ ተጋጭቷል፤ አንዳንዶቹ የሚነቁበት ሰዓት በየቀኑ እየተንሸራተተ ይሄዳል። ይህን ሥራ ማጣት ብቻ አላመጣውም። እቀበለዋለሁ። ነገር ግን የሚያስረዳው ምንድን ነው? እኩለ ቀን ላይ የሚተኛው ልጅ ሰነፍ አለመሆኑን፣ ቀኑን ሳያውቅ ሳይሆን ሰውነቱ ሌሊት ላይ ስለሆነ መተኛቱን ነው። የተንሸራተተ ሰዓት በብርሃን፣ በቋሚ የመነሻ ሰዓትና መድኃኒት የሚወሰድበትን ጊዜ በማስተካከል ሊታገዝ ይችላል። ጊዜ የሌለው ነው ተብሎ የተተወ ሰው ግን በምንም አይታገዝም። እንዲህ ላለው ሰው ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ቀጠሮ ሰጥቶ፣ ሲቀር «ቀጠሮ አያከብርም» ብሎ ካርዱ ላይ የሚጽፍ ተቋም ሰዓት ማየት የሚገባው ራሱ ነው።

መድኃኒት ማቋረጥም በዚሁ መዝገብ ይጻፋል። «ይረሳዋል፣ ቀኑ ይጠፋበታል» እንላለን። ዶክተር ሰሎሞን ተፈራና ባልደረቦቻቸው በ2013 ባሳተሙት ጥናት የቡታጅራ ታካሚዎችን፣ አስታማሚዎችንና የጤና ባለሙያዎችን መድኃኒት ለምን እንደሚቋረጥ ጠይቀው ነበር። ጎልቶ የወጣው መልስ ምግብ ማጣት ነው። መድኃኒቱ የምግብ ፍላጎትን ይከፍታል፤ ቤት ውስጥ የሚበላ የለም። ክኒን ውጦ ሲራቡ ከማደር ክኒኑን መተው ይሻላል ያለ ሰው የጊዜ ስሜቱ አልተዛባም። ነገን አስቦ፣ ሒሳብ ሠርቶ ነው የወሰነው። እኛ ግን የረሃቡን ጉዳይ ወደ አንጎል ጉዳይ ለውጠን ከኃላፊነት ወጣን።

አጠያየቃችንም ራሱን ይመርመር። በየቦታው የምንጠቀምበት የአእምሮ ምርመራ ቅጽ ቀን፣ ወርና ዓመት ይጠይቃል። የገጠር ሰው ቀኑን የሚያውቀው ብዙ ጊዜ በበዓልና በገበያ ነው። «ዛሬ ሚካኤል ነው፣ ነገ ወዲያ ገበያ ነው» ያለ ሰው ቀኑን ነግሮናል፤ ቅጹ ላይ ግን «አያውቅም» ተብሎ ሊሞላበት ይችላል። ዕድሜ ሲጠየቅ «ለድርቁ ጊዜ እረኛ ነበርኩ» የሚል ገበሬም ክሮው በጠየቀበት መንገድ ቢጠየቅ ይወድቃል፤ ሕመም ሳይኖርበት። ነገሩ ባሕር ሲሻገር ይብሳል። ዋሽንግተን ወይም ቴላቪቭ ሆስፒታል ውስጥ በእነሱ አቆጣጠር ከጠዋቱ 9 ሰዓት ላይ «ስንት ሰዓት ነው?» ተብሎ «3 ሰዓት» የሚል፣ ዓመቱንም በ7 ወይም በ8 የሚቀንስ ኢትዮጵያዊ ታካሚ ሙሉ በሙሉ ትክክል ነው። የሀገራችንን አቆጣጠር የማያውቅ ሐኪም ግን ይህን ጊዜን እንደ መሳት ሊጽፈው ይችላል። አስተርጓሚ የሆናችሁ ወገኖች ይህን ማስረዳት የእናንተ ሥራ ነው።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ቀንና ስለ ወር ነው። ትልቁ በደል ግን የሚፈጸመው በዓመታት ላይ ነው። ጊዜ አያውቅም የተባለ ሰው ወደፊት የለውም ይባላል። ለእሱ ርስት አይታሰብም፣ ትምህርቱን ይቀጥል አይባልም፣ ጋብቻ በፊቱ አይነሣም፤ በቤተሰቡ የነገ ዕቅድ ውስጥ የሚገባው እንደ ሸክም ነው። በዚህ ላይ አሜሪካ ውስጥ በቨርሞንት ግዛት የተደረገውን ጥናት ላንሣ። ኮርትኒ ሃርዲንግና ባልደረቦቿ ከቨርሞንት ሆስፒታል የኋላ ክፍሎች፣ ማለትም አይድኑም ተብለው ከተቀመጡበት፣ በማገገሚያ ፕሮግራም የወጡ 269 ሰዎችን ከወጡ ከ20 እስከ 25 ዓመት በኋላ ፈልገው አብዛኞቹን አገኟቸው። በ1987 የታተመው ውጤት ከግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛ የሚሆኑት በእጅጉ ተሻሽለው ወይም ድነው መገኘታቸውን ገለጸ። ሐኪሞቹ እንዲህ ያለ ውጤት አልጠበቁም ነበር። የሚያዩት በየጊዜው ታምሞ የሚመለሰውን እንጂ ድኖ ሥራ ላይ ያለውን አልነበረምና። ወደፊቱን ሳያዩ የቀሩት ሐኪሞቹ ናቸው።

እኔ ሕመሙን ለማቅለል አልተነሣሁም። ስኪዞፍሬንያ ከባድ ነው፤ «አሁን» የሚለውን የጊዜ ቅጽበት በጥልቅ ሊያናጋ፣ ሰውን ከገዛ እጁ ሊያስፈራው፣ ነገን ሊዘጋበት ይችላል። ነገር ግን ጊዜ አያውቁም ማለት ከዚህ ሁሉ ውስጥ አንዱንም አይገልጽም። የሚሠራው ለእኛ ነው። ያልከፈትነውን ክሊኒክ፣ ያልሰጠነውን ሥራ፣ ያላቀረብነውን እንጀራ በሕመምተኛው አንጎል ላይ ይጽፍልናል።

ስለዚህ አስታማሚዎች፣ የቀጠሮ ካርዱን ለባለቤቱ ስጡት። ቢጥለው ሁለተኛ አውጡለት። መርፌው መቼ እንደሚደርስ እሱን ጠይቁት፣ ሲመልስም አታቋርጡት። ቀኑ ውስጥ የሚሠራው ነገር ይኑረው፤ በሰዓት የሚጀምርና በሰዓት የሚያልቅ፣ ቢቻል ዋጋ የሚከፈልበት። የጤና ባለሙያዎች፣ ቀኑን በምን እንደሚቆጥር ሳትጠይቁ «አያውቅም» ብላችሁ አትጻፉ። ትናንት ቀኑን ሲያውቅ የነበረ ሕመምተኛ ዛሬ ካልነገራችሁ ደግሞ ትኩሳቱን ለኩ፣ ደሙን መርምሩ፣ ጭንቅላቱን ተመትቶ እንደሆነ እዩ። ወላጆች ሆይ፣ እንዲህ ሆኖ ወስዳችሁት «ያው ሕመሙ ነው» ከተባላችሁ አትመለሱ፤ እዚያው ቁጭ ብላችሁ ይመርመርልን በሉ።